«ወደ ሐረር ጉዞ» በጉደር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው ጎዳና አምቦን ካለፈ በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ጉደር ይደርሳል። የከተማዋ ስም የወንዙ ስም ነው። ወንዙ በከተማዋ አጠገብ ከቋጥኝ ላይ ተወርውሮ ፏፏቴውን ይሠራና ወደ ሰሜን አቅንቶ ዓባይን ሊቀላቀል ቁልቁል ይወርዳል። ብዙው ያገራችን ሰው ግን ጉደርን የሚያውቃት በወንዟም በፏፏቴዋም ሳይሆን፣ በቀይ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ በተጻፈው ስሟ ነው። ለእኔ ጉደር የተወለድሁባት፣ ፊደል የቈጠርሁባት፣ በኋላም ጠመኔ ይዤ የሥራ ዘመኔን የፈጸምሁባት ከተማ ናት።

በዚህ ጽሑፍ የማወራው ስለ ወንዙም ስለ ወይኑም አይደለም፤ ስለ አንድ የሙዚቃ ካሴት ነው። ይህ ካሴት የተቀዳው በአዲስ አበባ ነው፤ ርእሱ ወደ ምሥራቅ ያመለክታል፤ እኛ ቤት የገባው ግን በምዕራቡ ጎዳና በአውቶቡስ ተሳፍሮ መጥቶ ነው። ርእሱ «ወደ ሐረር ጉዞ» ይባላል። የሠሩት ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ ናቸው፤ ጊዜውም 1978 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ካሴት ለመጻፍ የሚያነሣሡኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ስለ ጥበብ ሥራ ያለኝ እምነት ነው፤ ሁለተኛው ከአርባ ዓመት በላይ ሳልናገረው የኖርሁት ጥፋት ነው። ሁለቱን ነጣጥዬ ልጽፋቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ አንባብያን ነገሩን እንደ አመጣጡ እንዲከተሉኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው ኃይሉ መርጊያ በ1978 ጀማሪ ሙዚቀኛ አልነበረም። በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት ተምሮ ያደገ ሰው ነው። ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን ተሻግሮ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተቋቋመው ከዋልያስ ባንድ ጋር በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን፣ መሣሪያ ብቻውን መናገር እንደሚችል ያስመሰከረውን ሸክላ አሳተመ። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚህ ሸክላ ላይ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም በሥራው ተሳትፏል። እንግዲህ ኃይሉ ስምም፣ ባንድም፣ ቋሚ ሥራም ነበረው ማለት ነው።

የሆቴል ሙዚቀኛ ሕይወት ከሩቅ ሲያዩት የሚያምር፣ ከቅርብ ሲያዩት ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሕይወት በሰዓትና በትእዛዝ የታጠረ ነው። እራቱን የሚበላው እንግዳ ለስላሳ ዜማ ይሻል፤ ዳንስ የሚወደው የውጭ አገር ዘፈን ይጠይቃል፤ ዘፋኝ በመጣ ጊዜ ደግሞ ባንዱ ከኋላ ሆኖ ያጅባል። በዚያ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበረ፣ ወደ ክበቡ የገባ እንግዳ እስኪነጋ ድረስ እዚያው ይቆይ ነበር፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋ ነበር። ይህ ሥራ እንጀራ ነው፤ የራሱ ክብርም አለው። ይሁን እንጂ ሙዚቀኛው በልቡ የሚሰማውን ሁሉ የሚያወጣበት ቦታ አይደለም።

ኃይሉ ያደረገው ምን ነበር? ከዋልያስ ሳይለይ፣ በግዮን ሆቴል ለወጣቱ ታዳሚ ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ተስማማና በሆቴሉ ክበብ ውስጥ በሦስት ቀናት ይህን ካሴት ቀዳ። ዳህላክ ባንድ ሙሉቀን መለሰን በማጀብም የሚታወቅ፣ የራሱ ስም የነበረው ባንድ ነው። ስለሆነም ነገሩ የልምምድ ጨዋታ አልነበረም፤ በሙያቸው የበሰሉ ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን በራሳቸው ፈቃድ የሠሩት ሥራ ነበረ። ወቅቱ የሸክላ ዘመን አብቅቶ የካሴት ዘመን የገባበት በመሆኑ ሥራው በካሴት ወጣ። ካሴት ደግሞ ከሸክላ ይልቅ ርካሽ ነው፤ በኪስ ይገባል፤ መብራት በሌለበት ገጠርም በባትሪ ድንጋይ ይሰማል። ጉደር ድረስ ሊመጣ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን «ፕሮግረሲቭ ሮክ» የሚባለው የሙዚቃ ስልት በተስፋፋበት በእንግሊዝ አገርም ተመሳሳይ ልማድ ነበረ። የዚህ ስልት ተከታዮች ሮክን ከሦስት ደቂቃ ዘፈን አውጥተው ረዥም፣ ብዙ ክፍል ያለው፣ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ጎልተው የሚሰሙበት ድርሰት ለማድረግ የጣሩ ናቸው። የጄኔሲስ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ፊል ኮሊንስ፣ ባንዱ በዝናው ላይ ሳለ፣ ብራንድ ኤክስ ከተባለ ሌላ ቡድን ጋር ሆኖ በ1976 በመሣሪያ ላይ ያተኰረ ሸክላ አሳተመ። የእነርሱና የእኛ ሙዚቃ አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ የተነሡበት ባህልም፣ የነበራቸው መሣሪያና ገንዘብም የተለያየ ነው። ነገር ግን ሰውዬውን ከለመደው ባንድ አውጥቶ ከሌሎች ጋር እንዲጫወት ያደረገው ረኀብ አንድ ይመስለኛል። የታወቀ ሙዚቀኛ በታወቀበት ነገር ብቻ መታወቅ ይሰለቸዋል። ታዳሚው የማይጠብቀውን፣ አሠሪው የማያዝዘውን ነገር መሥራት ይፈልጋል።

የዚህን ካሴት ሙዚቃ ላልሰማው ሰው በጥቂቱ ልግለጽ። ባሱና ከበሮው አንድ ምት ይይዙና ሳይቸኩሉ እየደጋገሙ ይሄዳሉ፤ በዚያ ላይ ኦርጋኑ የዘፋኙን ቦታ ወስዶ ዜማውን ይመራል። ኦርጋን እንደ ማሲንቆ ወይም እንደ ሰው ጉሮሮ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ሊያልፍ አይችልም፤ ቁልፎቹ እያንዳንዳቸው የተቈረጡ ናቸው። ኃይሉ ይህን ጉድለት የሚሞላው ከዋናው ድምፅ በፊትና በኋላ ጥቃቅን ድምፆችን እየነካካ፣ ዜማው እንደ ሰው ድምፅ እንዲንቀጠቀጥ በማድረግ ነው። ዜማዎቹ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናቸው። «እምቧ በይ ላሚቱ» የሚል ርእስ ያለው ዜማ ይገኝባቸዋል፤ ማታ ማታ ላሞች ከወንዝ ወደ በረት በሚመለሱባት በጉደር ይህ ርእስ ማብራሪያ የሚያሻው አልነበረም። የካሴቱን መጠሪያ የያዘው ዜማ ግን በቤታችን ብዙ ማብራሪያ አስፈልጎታል።

ታላቅ ወንድሜ በ1977 በእናት ሀገር ጥሪ ከአካባቢያችን ከዘመቱት ሚሊሻዎች አንዱ ነበረ። ሥልጠናው የተሰጠበት የታጠቅ ጦር ሰፈር ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በዚሁ በእኛው ጎዳና ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ እናቴ መጀመሪያ «ልጄ ሩቅ አልሄደም» እያለች ትጽናና ነበር። በዚያው ዓመት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወርሮ፣ ጅጅጋን ይዞ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ሲገሠግሥ ግን ከታጠቅ የወጡት ሰዎች ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። የሚያውቁትን ስንጠይቅ «ሐረር ነው» አሉን። ሌላ ወሬ አልነበረም።

እናቴ ሐረርን አይታ አታውቅም። ግንቡን፣ አምስቱን በሮቹን፣ ገበያውን፣ ቡናውን አታውቅም። ለእርሷ ሐረር ልጅ የሚሄድበትና ወሬ የማይመጣበት ቦታ ስም ሆነ። በ1978 መጋቢት ወር ጅጅጋ ተመልሶ ድሉ በሬዲዮ ሲነገር ጎረቤት ሁሉ እልል አለ፤ እርሷ ግን «የእኔውን ስሙን ጠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አማርኛ የምሰማላት እኔ ነበርሁና «አልጠሩትም» አልኋት። ካልተጠራ ይሻላል ወይስ ይብሳል? ሁለታችንም አላወቅንም።

ወንድሜ በ1979 ግራ እግሩ ቆስሎ፣ ግን በሕይወት ተመለሰ። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው መርካቶ የገዛትን ትንሽ ቴፕ ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ አሁንም ይታየኛል። ከቴፑ ጋር የመጣው ካሴት አንድ ብቻ ነበረ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ማታ ከእራት በኋላ ካሴቱን ከፈተው። እኔ ሽፋኑን አንሥቼ ርእሱን ጮክ ብዬ አነበብሁ። እናቴ ከምድጃው ዘንድ ቀና አለች። ከጠቅላላው አማርኛ «ሐረር» የሚለውን ለይታ ሰምታለች።

በኦሮምኛ «ዝጋው» አለችው። «ከዚያ ወጥተህ መጥተህ ደግሞ ወደዚያ የሚሄድ ዘፈን ቤቴ ታመጣለህ?»

ወንድሜም በኦሮምኛ «ዘፋኝ የለውም፤ መሣሪያ ብቻ ነው» ሲል መለሰላት።

«ምን ይላል ታዲያ?»

«ምንም አይልም።»

እናቴ ጥቂት አዳመጠች። ኦርጋኑ ዜማውን እየነካካ ይሄዳል። «ቃል ከሌለው ማንንም አይጠራም ማለት ነው፤ ተወው፣ ይጫወት» ብላ ወደ እሳቱ ተመለሰች።

ሙዚቀኞቹ ይህን ርእስ ሲሰጡት ጦርነቱን አስበው ነው አልልም። ሐረር ጥንታዊት፣ ውብ ከተማ ናት፤ ወደ እርሷ መጓዝ ለማንም ሰው የደስታ ርእስ ነው። እኔ የምለው፣ ሥራው ቃል ስላልነበረው እናቴ የራሷን ትርጉም ልታመጣና መልሳ ልታነሣው ቻለች ነው። ዘፋኝ ቢኖረው ኖሮ ዘፋኙ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ይሆን ነበር፤ እርሷም አትሰማውም ነበር። ጉደር ሁለት ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ ናት። አባታችን በሕይወት ሳለ በኦሮምኛ ጌረርሳ ያሰማ ነበር፤ ትምህርት ቤት ደግሞ በአማርኛ እንዘምር ነበር። ከሁለቱ አንዱን ያልሰማ ሰው ሁልጊዜ ከበር ውጭ ይቀራል። ይህ ካሴት በተከፈተ ጊዜ ግን በቤታችን ከበር ውጭ የሚቀር ሰው አልነበረም።

ወንድሜ ስለ ጦርነቱ ተናግሮ አያውቅም። ከተመለሰ በኋላ በአውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመረ፤ ሙያውን ያወቀው ዘማች ሳለ ከሬዲዮ ሠራተኞች አጠገብ በመዋሉ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ካሴቱን ይከፍትና እግሩን ዘርግቶ ይሰማል። ዜማው ሲያልቅ ይነሣል። ሌላ ነገር የለውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። የዚያን ዘመን ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩና በየትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። እኔ የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ የቀበሌያችን ኪነት ክራር መቺና ግጥም ጸሐፊ ነበርሁ። ስለ ኪነቶቹ ዛሬ ብዙ ሰው በፌዝ ይናገራል፤ እኔ ግን አላፌዝም። መሣሪያ አይቶ የማያውቀው የገጠር ልጅ ክራር የነካው፣ ሴት ልጅ በአደባባይ የዘፈነችው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ምክንያት ነው። ከመካከላቸውም ኋላ ስመ ጥር የሆኑ ድምፃውያን ወጥተዋል። ይሁን እንጂ የምንዘፍነው የታዘዝነውን ነበር። ርእሱ ይሰጠናል፤ መፈክሩ ይሰጠናል፤ እኔም መፈክሩን ቤት አስመትቼ ዜማ ላይ እጭነዋለሁ።

በጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ፣ በአምቦ፣ የኪነት ውድድር ሊደረግ ሳምንት ሲቀረው በእኛ ግቢ ተለማመድን። ከመካከላችን አንዱ «ድምፃችንን ቀድተን ብንሰማው ጥፋታችንን እናውቀው ነበር» አለ። ቴፕ ያለው በእኛ ቤት ነው፤ ወንድሜም ሱቁ ውሏል። ባዶ ካሴት ግን አልነበረም።

ካሴት የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተቀድቶ የሚሸጥ ካሴት በጀርባው ያሉት ሁለቱ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች የተሰበሩ ናቸው። ይህም በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ነው፤ የመቅጃው ቁልፍ አይጫንም። ነገር ግን ቀዳዳው በወረቀት ከተደፈነ ቴፑ ይታለላል። ይህን የተማርሁት ከራሱ ከወንድሜ ሱቅ ነው። ከደብተሬ ጥግ ቀድጄ፣ በምራቄ አርሼ፣ አድቦልቡዬ ቀዳዳውን ደፈንሁት። እንግዲህ «በስሕተት ነው» ለማለት የሚያስችለኝን በር የዘጋሁት በገዛ እጄ ነው። ካሴቱ የቆመበትን ቦታ እንኳ አላየሁም። ሁለቱን ቁልፎች በአንድነት ተጫንሁ፤ ዘፈንን።

ዘፈኑ ከማለቁ ወንድሜ በበሩ ገባ። ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ አየን። ማንም ምንም ሳይለው ሁሉንም ተረዳ። ቀርቦ ቴፑን አጠፋ፤ ካሴቱን አውጥቶ ከቀዳዳው ወረቀቱን በጥፍሩ ፈለቀቀና መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ ካሴቱን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ቢመታኝ እመርጥ ነበር። ማታ ሲመለስም ስለ ነገሩ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ካሴቱን የሚሰማው በሱቁ ሆነ፤ እኔም እርሱ ካሴቱን በከፈተ ጊዜ በሱቁ በኩል አላልፍም ነበር። አምቦ ላይ አላሸነፍንም።

ኋላ ከሚያውቁት እንደሰማሁት፣ የሰረዝሁት የካሴቱን ስም የያዘውን ዜማ፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ነበረ። ይጀምርና ከመሐሉ ይቈረጣል፤ የእኛ ጩኸት ይገባል፤ ከዚያ መጨረሻው ይመለሳል ተባልሁ። እኔ ራሴ ሰምቼው አላውቅም። ለመምህርነት ሥልጠና ከጉደር ወጣሁ፤ ተመደብሁ፤ ተዘዋወርሁ፤ በመጨረሻም ወደ ጉደር ተመልሼ አስተማርሁ። እናታችን ዐረፈች። ወንድሜና እኔ ስለ ልጅ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሕመም ተነጋግረናል፤ ስለዚያች ቀን ግን አልተነጋገርንም።

በዚህ መካከል ካሴቱን የሠራው ሰው ሕይወት የራሱን መንገድ ሄዷል። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሲጓዝ ኃይሉ አብሮ ሄደ፤ ከፊሎቹ ሲመለሱ እርሱ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አቅራቢያ ከሚገኘው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ባለ ታክሲ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረ። ነገር ግን መሣሪያውን አልተወም፤ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። በአዲስ አበባ ኦርጋኑ እንጀራው ነበር፤ ሦስቱ የግዮን ቀናት የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበሩ። በዋሽንግተን ደግሞ መሪው እንጀራ ሲሆን ሙዚቃው በሞላው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆነ። ታዳሚ የለም፤ ከፋይ የለም፤ አዛዥ የለም። እርሱ ግን ተለማመደ።

ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ የ1985ቱን ካሴት በባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎችን አወጣ። «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ታድሶ እንደገና ታተመ። በሦስት ቀናት በሆቴል ክበብ የተቀዳው ሥራ ስሙን በቅጡ መጥራት በማይችሉ በሩቅ አገር ሰዎች ቤት ይሰማ ጀመር።

ይህን ዜና የነገረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። በእጅ ስልኳ ከፍታ አሰማችኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተቈረጠውን «ወደ ሐረር ጉዞ» በ15 ዓመቴ ሰምቼው፣ ሰርዤው፣ እነሆ በስተርጅና እንደገና ሰማሁት። ወዲያው ያሰብሁት አንድ ነገር ነው፦ ዕዳዬን የምከፍልበት ጊዜ መጣ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ዘንድ ሄድሁ። ዛሬ ሱቁን ዘግቶ በቤቱ ነው የሚውለው፤ እግሩ በክረምት ያመዋል። ከጎኑ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አልሁና ስልኩን ከፈትሁ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። እኔ ፊት ፊቱን አያለሁ። ዜማው እኔ ከሰረዝሁት ቦታ ሲደርስ ገጹ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ሲያልቅ፣ «ይህ ያ ያበላሸሁብህ ነው። እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅሁህም» አልሁት።

«ይኼ ሙሉው ነው» አለ። «ጥሩ ነው። ጥርት ብሏል።» ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የእኔኛው ላይ ግን እማዬ ትጠራሃለች» አለኝ።

ያለው አልገባኝም። ከዘራውን አንሥቶ ከአልጋው ሥር ያለውን ሣጥን በጫፉ ሳበና «አውጣው» አለኝ። ቴፗን ራሱ ነበር ጠግኖ ያቈያት። ካሴቱን በእርሳስ አጠንጥኖ አስገባው።

ኦርጋኑ ጀመረ፤ ከዕድሜ ብዛት ድምፁ ይዋዥቃል። ከዚያ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማና የእኛ ኪነት ገባ። ክራሬ ከቅኝት ወጥቷል። እኔ የጻፍሁት መፈክር በልጆች ድምፅ ይጮሃል። ከዘፋኞቹ መካከል ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸውን ለየሁት። ከእነርሱ ጀርባ፣ ከሩቅ፣ ከግቢው ጓሮ በኩል፣ እናታችን በኦሮምኛ ስሜን እየጠራች ትጮሃለች። ጥጃው ከእናቱ ጋር ተቀላቅሎ እየጠባ ነውና ና ለየው ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ትጠራኛለች። እኔ ዘፈን ላይ ነኝና አልሰማኋትም፤ ወይም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ከዚያ ቴፑ ይቈረጥና የኦርጋኑ መጨረሻ ይመለሳል።

ሌላ የእርሷ ድምፅ የለንም። በዚያ ዘመን ማን የእናቱን ድምፅ ይቀዳ ነበር?

«ስንት ጊዜ ሰምተኸዋል?» አልሁት።

«ካሴቱ ስንት ጊዜ ይሰማል? በሰማሁት ቁጥር ነዋ» አለኝ።

እንግዲህ ስለ ጥበብ ሥራ ያለኝ እምነት ብዬ የጀመርሁት ይህ ነው። በሙያቸው የበሰሉ ሰዎች ከመደበኛ ሥራቸው ጎን፣ ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንንም ሳያዝዙ የሚሠሩት ሥራ ከሁሉ ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። «ወደ ሐረር ጉዞ» ለዚህ ምስክሬ ነው። ዳሩ ግን ያን ቀን በወንድሜ ቤት እምነቴን በጥቂቱ ማረም ግድ ሆኖብኛል። እኔ ስሠራው የነበረው የታዘዘ ሥራ ነው፤ ግጥሙ ዋጋ የለውም፤ ዜማውም የተውሶ ነው። ነገር ግን በታዘዘው ሥራ ውስጥ እንኳ ያልታዘዘ ነገር ሾልኮ ይገባል፤ ሰዎች አሉበትና። እናታችን በዚያ ካሴት ላይ እንድትገባ ያዘዛት የለም። ስለ ጥጃው ነው የተጣራችው።

መምህራንና የጥበብ ሰዎች የሆናችሁ አንባብያን በየቤታችሁና በየትምህርት ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የቆዩ ካሴቶች አይጠፉም። የካሴት ክር በእርጥበት ይሻግታል፤ በቆየ ቁጥር ይሳሳል። ሳይጠፋ በአዲሱ መሣሪያ ገልብጣችሁ አስቀምጡት። ጥርሱ ያልተሰበረ ካሴት ካገኛችሁ ስበሩት። የታወቀ ዘፋኝ የሌለበትን፣ ጫጫታ የበዛበትን፣ የተበላሸ የሚመስለውን ደግሞ ሳትሰሙ አትጣሉት።

የወንድሜን ካሴት ለመገልበጥ የእኅቱን ልጅ ሳይሆን የራሱን ልጅ አስፈቀድን፤ እርሷም በስልኳ ቀዳችልን። ከመጀመራችን በፊት «አባባ፣ የኪነቱን ጩኸት ቈርጬ ሙዚቃውን ብቻ ላስቀረው?» ብላ ጠየቀችው።

«ተይ» አላት፤ «እንዳለ ይሁን።»